ፈውስ ሲያበቃ የሚጀምር ሙያ

(በሙያ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በሆስፒታል ውስጥ ከሚነገሩት ቃላት ሁሉ ለታማሚው ቤተ ሰብ እጅግ የሚከብደው «ከእንግዲህ ወደ ቤት ይዛችሁት ሂዱ» የሚለው ነው። ይህ ቃል ሲነገር ቀዶ ሕክምናው፥ ጨረሩና መድኃኒቱ የሚችሉትን ሁሉ አድርገው ጨርሰዋል ማለት ነው። የሐኪሙ መዝገብ በዚያው ይዘጋል፤ የታማሚው ሕይወት ግን በዚያ ቀን አይዘጋም። ሰውዬው ገና ሳምንታት፥ አንዳንድ ጊዜም ወራት ይኖራል። ያመዋል፥ ያቅለሸልሸዋል፥ ትንፋሽ ያጥረዋል፥ እንቅልፍ ይነሣዋል። ስለ ልጆቹ ይጨነቃል፤ ከፊቱ ያለውን ይፈራል። ታዲያ ይህን ጊዜ ይዞ የሚያሻግረው ማን ነው? ከ1960ዎቹ ወዲህ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ራሱን የቻለ ሙያ ለመሆን በቅቷል። የሙያውም ዋና ተሸካሚ ነርሷ ናት።

የዚህ ንግግር ዓላማ ሦስት ነገሮችን ማስረዳት ነው። የመጀመሪያው ሙያው ከየት እንደ መጣ፥ ሁለተኛው አንዲት ነርስ በዚህ ሙያ ራሷን የምትገነባው በምን ዓይነት ዕውቀትና ልምምድ እንደ ሆነ፥ ሦስተኛው ደግሞ ሙያው በአገራችን ሥር እንዲሰድ ምን እንደሚያስፈልገው ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሙያው አነሣሥ

ሲስሊ ሶንደርስ በ1918 በእንግሊዝ አገር ባርኔት በተባለ ሥፍራ ተወለዱ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ፥ የፍልስፍናና የኢኮኖሚ ትምህርት በመከታተል ላይ ሳሉ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለ ተነሣ ትምህርታቸውን አቋርጠው በ1940 በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ወደሚገኘው የናይቲንጌል የነርሶች ትምህርት ቤት ገቡ። የነርስነቱን ትምህርት ቢፈጽሙም የወገባቸው ሕመም ታማሚ ማንሣትና ማገላበጥ ስለ ከለከላቸው ወደ ኦክስፎርድ ተመልሰው ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ቀጥለውም የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆኑ።

በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ ዴቪድ ታስማ የሚባል ከዋርሶ የመጣ አይሁዳዊ ስደተኛ አገኙ። ታስማ በምግብ ቤት አስተናጋጅነት የሚተዳደር፥ በካንሰር ተይዞ በባዕድ አገር ለመሞት የተቃረበ ሰው ነበር። ሁለቱ እየተገናኙ እንደ እርሱ ላሉ ሕሙማን የተሻለ መጠጊያ የሚሆን ቤት ስለ ማቋቋም ይነጋገሩ ጀመር። ታስማ በ1948 ሲሞት ከነበረው ገንዘብ 500 ፓውንድ ለሶንደርስ ተወላቸው፤ ገንዘቡም ወደፊት ለሚሠሩት ቤት መስኮት ይሁን ብሎ ተናዘዘ። በዚያን ጊዜ ቤቱ ገና በሐሳብ ብቻ የነበረ ስለ ሆነ መስኮቱ ቤቱን በ19 ዓመት ቀደመው።

ከዚያ በኋላ ሶንደርስ በለንደን በሚገኘው በቅዱስ ሉቃስ የድኾች ሕሙማን ቤት በማታ ጊዜያቸው በበጎ ፈቃድ ያገለግሉ ነበር። በዚያም አንድ ትልቅ ነገር አስተዋሉ። በሌሎች ሆስፒታሎች ሞርፊን የሚሰጠው ታማሚው በሥቃይ ሲጮኽ ነበር፤ በዚህ ቤት ግን ነርሶቹ ሰዓት ጠብቀው፥ ሕመሙ ገና ሳይመለስ ይሰጡት ነበር። ሶንደርስ ይህን አሠራር በሳይንስ ለማረጋገጥና ለሕክምናው ዓለም ለማሳወቅ ፈለጉ። አብረዋቸው የሚሠሩ አንድ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ግን እንደ ነርስ ብትናገሪ ሰሚ አታገኚም፥ ይልቅ ሐኪም ሁኚ ሲሉ መከሯቸው። በዚህም መሠረት በ1951፥ ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት ካለፈ በኋላ፥ የሕክምና ትምህርት ጀምረው በ1957 ተመረቁ። በቅዱስ ዮሴፍ ሆስፒስ ለዓመታት ሕሙማንን ሲከታተሉና መዝገብ ሲይዙ ቆይተው በ1967 ቅዱስ ክሪስቶፈር የተባለውን ሆስፒስ በለንደን ከፈቱ። በ1969 ደግሞ ነርሶቹ ከግቢው ወጥተው በየቤቱ እየተዘዋወሩ ሕሙማንን መርዳት ጀመሩ። ሶንደርስ በ2005፥ በ87 ዓመታቸው፥ ባቋቋሙት በዚያው ቤት ዐረፉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የሚቆረቁር ነገር አለ። ሰዓት ጠብቆ መድኃኒት የመስጠቱን ጥበብ በተግባር ያውሉት የነበሩት ነርሶች ናቸው። ይሁን እንጂ ዕውቀቱ ተደማጭነት ያገኘው በሐኪም አንደበት ሲነገር ነው። ስለዚህ የዚህ ሙያ ታሪክ የርኅራኄ ታሪክ ብቻ ሳይሆን ነርሷ የምታውቀው ነገር ዋጋ እንዲሰጠው የተደረገ ትግል ታሪክም ነው።

ይኸው ትግል በአሜሪካ በሌላ መልክ ታይቷል። ፍሎረንስ ዋልድ የዬል ዩኒቨርሲቲ የነርሶች ትምህርት ቤት ዲን ነበሩ። በ1963 ሶንደርስ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ያደረጉትን ንግግር ከሰሙ በኋላ ሐሳቡ ከልባቸው አልጠፋም። ጥቂት ዓመታት ቆይተው ሹመታቸውን ለቀቁና ለሞት የተቃረቡ ሕሙማን ምን እንደሚያስፈልጋቸው በጥናት መከታተል ጀመሩ። ወደ ለንደንም ሄደው በቅዱስ ክሪስቶፈር ሠሩ። በ1974 በኮኔቲከት የተጀመረው የአሜሪካ የመጀመሪያው የሆስፒስ አገልግሎት የእርሳቸውና የባልደረቦቻቸው ፍሬ ነው። ከዲንነት ወደ ታማሚ አልጋ መመለስ ለብዙዎች ውርደት መስሎ ይታይ ይሆናል። ዛሬ ግን ስማቸው የሚጠራው ስለ ዲንነታቸው ሳይሆን ስለዚህ መመለሳቸው ነው።

ሕመምን መስፈር

የሶንደርስ ትልቁ ሐሳብ «ሁለንተናዊ ሕመም» የሚለው ነው። በዚህ ሐሳብ መሠረት ለሞት የተቃረበ ሰው ሕመም አራት ገጽታዎች አሉት፤ እነርሱም የሥጋ፥ የስሜት፥ የማኅበራዊ ኑሮና የመንፈስ ሕመም ናቸው። አራቱም እርስ በርሳቸው የተቆላለፉ ናቸው። አንድ አባወራ የሞርፊኑ መጠን ከፍ ቢደረግለትም ሕመሙ ላይቀንስ ይችላል። ነርሷ አጠገቡ ተቀምጣ ስትጠይቀው የቤት ኪራይ ያልተከፈለ መሆኑ፥ ወይም ከወንድሙ ጋር ተቀያይሞ ሳይታረቅ መቅረቱ እንቅልፍ እንደ ነሣው ይናገራል። የዚህ ሰው መድኃኒት ሌላ ጠብታ ሞርፊን ሳይሆን ሽማግሌ መላክ ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ ትልቅ ሙያ ነው።

ይሁን እንጂ ሌላው ሁሉ የሚቻለው የሥጋ ሕመም ጋብ ሲል ነው። በሥቃይ የሚጮኽ ሰው ሊናዘዝም፥ ሊታረቅም፥ ሊጸልይም አይችልም። በዚህ ምክንያት የነርሷ የመጀመሪያ ዕውቀት የሞርፊን ዕውቀት ነው። በአፍ የሚወሰድ ተራ ሞርፊን ኃይሉ የሚቆየው 4 ሰዓት ያህል ነው። በየ4 ሰዓቱ ከተሰጠ በደም ውስጥ ያለው መጠን ሕመሙን ከሚያስታግሰው ልክ በታች አይወርድም። ታማሚው እስኪጮኽ ድረስ ከተጠበቀ ግን መጠኑ ይወርዳል፥ ሕመሙ ይነሣል፥ ፍርሃት ይጨመርበታል፤ የተነሣውንም ሕመም ለማስተኛት ከመጀመሪያው የበለጠ መድኃኒት ያስፈልጋል። ነገሩ ከግድብ ውኃ አያያዝ ጋር ይመሳሰላል፤ ውኃውን በልኩ የሚጠብቅ ሰው ጎርፍ አይመጣበትም፥ ድርቅም አይመታውም።

የዓለም የጤና ድርጅት በ1986 ይህን አሠራር በአጭር ትእዛዝ መልክ አወጣው። መድኃኒቱ በአፍ ይሰጥ፥ በሰዓቱ ይሰጥ፥ እንደ መሰላል ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው በደረጃ ይሰጥ የሚል ነው። በመጀመሪያው እርከን ላይ እንደ አስፒሪንና ፓራሲታሞል ያሉት፥ በሁለተኛው ኮዴይን፥ በሦስተኛው ሞርፊን ይገኛሉ። ነርሷ ከዚህ ጋር ማወቅ የሚገባት ብዙ ነገር አለ። ሞርፊን የሆድ ድርቀት ስለሚያመጣ ማለስለሻው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮ መሰጠት አለበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣው ማቅለሽለሽና እንቅልፍ አብዛኛውን ጊዜ ይተዋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠኑ ይቀነስለታል። ለካንሰር ሕመም በልኩና በክትትል የሚሰጥ ሞርፊን ታማሚውን ሱሰኛ ያደርገዋል የሚለው ፍርሃት ከእውነቱ የራቀ ነው፤ በትክክል ተሰፍሮ ሲሰጥም ሞትን የሚያፋጥን መድኃኒት አይደለም። ይህን ሁሉ ለታማሚው ልጆች በሚገባቸው ቋንቋ የምታስረዳው ነርሷ ናት። ጠርሙሱ በእጃቸው ሆኖ ሳለ በፍርሃት ምክንያት ሳይሰጡት ቢቀሩ የሐኪሙ ትእዛዝ በከንቱ ይቀራል።

መዋጥ ለማይችል ታማሚ የሚረዳው መሣሪያም የራሱ ታሪክ አለው። ማርቲን ራይት የተባሉ እንግሊዛዊ የሕክምና መሣሪያዎች ፈልሳፊ በባትሪ የሚሠራ፥ መርፌውን ጥቂት በጥቂት እየገፋ መድኃኒት ከቆዳ ሥር የሚያፈስ ትንሽ መሣሪያ ሠሩ። በ1979 ይኸው መሣሪያ ለሞት በተቃረቡ ሕሙማን ላይ ስለ መዋሉ የሚገልጽ ጽሑፍ ታተመ፤ ብዙ ሕሙማንም በየ4 ሰዓቱ ከመወጋት ዳኑ። ከዚህ በኋላ እጅግ የሚመሳሰሉ ሁለት ዓይነቶች በአንድነት አገልግሎት ላይ ዋሉ። የአንደኛው ፍጥነት የሚሰፈረው በሰዓት በሚሊሜትር ሲሆን የሁለተኛው በ24 ሰዓት በሚሊሜትር ነበር። በ24 ሰዓት 48 ሚሊሜትር ሊሄድ የሚገባው ቁጥር በስሕተት በሰዓት በሚሰፈረው መሣሪያ ላይ ቢሞላ የሙሉ ቀን መድኃኒት በአንድ ሰዓት ውስጥ ይገባል። በዚህ ዓይነት ስሕተት የሰው ሕይወት ስለ ጠፋ የብሪታንያ የሕሙማን ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2010 መሣሪያዎቹ አደጋ በማያስከትሉ ሌሎች እንዲተኩ ማሳሰቢያ አወጣ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በዚህ ሙያ ርኅራኄ ብቻ አይበቃም፤ ቁጥር የማታነብ ደግ እጅ ልትገድል ትችላለች።

ሙያው እንዴት ይገነባል?

ወደዚህ ሙያ የምትገባ ነርስ በመጀመሪያ በሌሎች የሕክምና ክፍሎች ጥቂት ዓመታት ብትሠራ ይጠቅማታል። ካንሰር፥ የልብ ድካም፥ የኩላሊትና የሳንባ በሽታ እንዴት እንደሚጀምሩና እንዴት እንደሚያበቁ በዓይኗ ያየች ነርስ በታማሚ ቤት ብቻዋን ስትሆን አትደነግጥም። በሆስፒታል ውስጥ ስትጠራው የሚመጣ ሐኪም አለ። በመንደር ቤት፥ በእኩለ ሌሊት፥ ዘመድ ከብቦ ሲያለቅስ የምትወስነው ግን ራሷ ናት።

ቀጥሎ የሚመጣው የእጅ ሙያ ነው። ይህም ሕመምን ከ0 እስከ 10 ማስቆጠር፥ መናገር ለማይችል ደግሞ ከፊቱና ከአተነፋፈሱ ማንበብ፥ ቁስል እንዳይወጣበት ታማሚውን በየጊዜው ማገላበጥ፥ የሚሸት ቁስልን ማጠብ፥ የደረቀ ከንፈርን ማርጠብ ነው። የመጨረሻዎቹ ቀናት ሲቀርቡም ምልክቶቹን ለይታ ታውቃለች። እጅና እግር ይቀዘቅዛል፥ ሽንት ይቀንሳል፥ አተነፋፈሱ እየተቋረጠ ይሄዳል፥ ጉሮሮው ያጉረመርማል። ቤተ ሰቡ ይህን ሲሰማ ታማሚያችን ታፍኖ ሊሞት ነው ብሎ ይሸበራል። ነርሷ ድምፁ የጣር ምልክት እንጂ የመታፈን እንዳልሆነ አስረድታ፥ ታማሚውን በጎኑ አስተኝታ፥ የሚያደርቅ መድኃኒት ከታዘዘም ሰጥታ ታረጋጋቸዋለች። ያች ሌሊት በቤተ ሰቡ አእምሮ ውስጥ ለዓመታት ትቀራለች፤ እንዴት ሆና እንደምትታወስ የሚወሰነው በአብዛኛው በነርሷ ሥራ ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚወስደው የአንደበትና የጆሮ ሙያ ነው። ታማሚው ማንም በሌለበት ሰዓት ጠብቆ «ሲስተር፥ ከዚህ እተርፋለሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ልምድ የሌላት ነርስ ወይ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብላ ትሸሻለች፥ ወይም ያልተጠየቀችውን ሁሉ ታወርድበታለች። የሠለጠነችዋ ግን ወንበር ስባ ትቀመጣለች፤ «እርስዎ ምን ይመስልዎታል? ይህን እንዲያስቡ ያደረገዎትስ ምንድን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ታማሚው ምን ያህል እንደሚያውቅና ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ በዚህ ይገለጥላታል። ከዚያም እውነቱን እርሱ በሚችለው መጠንና ፍጥነት ትሰፍርለታለች። ሞርፊን ልክ እንዳለው ሁሉ እውነትም ልክ አለው።

በዚህ መንገድ ያደገች ነርስ ከፊቷ የተለያየ የሙያ ደረጃ አለ። በአሜሪካ በ1982 በወጣው ሕግ መሠረት ሁለት ሐኪሞች ከ6 ወር የበለጠ አይኖርም ብለው የመሰከሩለት አረጋዊ የሆስፒስ አገልግሎት ወጪው በመንግሥት የጤና መድን ይሸፈንለታል፤ የእያንዳንዱን ታማሚ እንክብካቤ በማስተባበር የምትመራውም ነርስ ናት። በዚያው አገር በልዩ ባለሙያነት ለመመስከር ፈተና የምትቀመጥ ነርስ ባለፉት 12 ወራት 500 ሰዓት፥ ወይም ባለፉት 24 ወራት 1000 ሰዓት በዚሁ ዘርፍ መሥራቷን ማረጋገጥ አለባት። በብሪታንያ ከ1975 ጀምሮ የማክሚላን ነርሶች የሚባሉት በካንሰር ሕሙማን ዘንድ ስማቸው የታወቀ ነው። በአሜሪካ በነርስነትና በአስታማሚነት የሚያገለግሉ ኢትዮጵያውያንም ጥቂት ስላልሆኑ ይህ ሙያ ለወገኖቻችን እንግዳ አይደለም።

ነገር ግን በሙያው ውስጥ አንድ ያልተፈታ ችግር አለ። በብዙ መሥሪያ ቤቶች የደመወዝ እርከን ከፍ የሚለው ነርሷ ከታማሚው አልጋ እየራቀች ወደ ጽሕፈት ጠረጴዛ ስትሄድ ነው። 20 ዓመት የሠራች ነርስ በልምዷ የምታነበውን ፊት ገና የተመረቀችው ልታነበው አትችልም። ስለዚህ በአልጋው አጠገብ ለሚቀር ዕውቀት የሚከፍል እርከን ካልተበጀ ሙያው የሚያፈራቸውን ምርጦች ራሱ እያባረረ ይኖራል።

የኡጋንዳ ምሳሌ

ሞርፊንና የማዘዝ ሥልጣን የሌላት ነርስ ምንም ያህል ብትማር ከአልቃሽ ብዙ አትሻልም። ይህን ችግር በአፍሪካ በቅድሚያ የተጋፈጠችው ኡጋንዳ ናት። በ1993 ዶክተር አን ሜሪማን በካምፓላ ሆስፒስ አፍሪካ የተባለውን ድርጅት ሲያቋቁሙ የመረጡት መድኃኒት እጅግ ቀላልና ርካሽ ነበር። የሞርፊን ዱቄት ተመዝኖ በውኃ ይሟሟል፤ ኃይሉ ደካማ የሆነውና ብርቱ የሆነው እንዳይምታታ በቀለም ይለያል፤ ከዚያም በጠርሙስ ተሞልቶ ለታማሚው ቤት ይሰጣል። በመርፌ መወጋት የለም፥ ሆስፒታል መተኛት የለም።

ይሁንና መድኃኒቱ ተገኝቶ ሐኪም አልተገኘም። ሐኪም በሌለበት ወረዳ ሞርፊን የሚያዝ ሰው የለምና ጠርሙሱ በመጋዘን ይቀር ነበር። በዚህ ምክንያት ኡጋንዳ በ2004 ሕጓን አሻሽላ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሞርፊን እንዲያዝዙ ፈቀደች። ሶንደርስ ለመደመጥ ሲሉ ነርስነታቸው ላይ ሐኪምነት መጨመር ግድ ሆኖባቸው ነበር። የኡጋንዳ ነርስ ግን ነርስ እንደ ሆነች የምታውቀውን እንድትሠራ ሕግ ሥልጣን ሰጣት። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የሙያው ዕድገት መለኪያ ነው።

የዓለሙ ሁኔታ በጠቅላላው ሲታይ ግን ገና ብዙ ይቀራል። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ሰዎች የማስታገሻ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸውና ከሚያስፈልጋቸው መካከል የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደ ሆኑ ያመለክታል። በ2017 የታተመው የላንሴት ኮሚሽን ጥናት እንደሚያስረዳው ደግሞ በዓመት በዓለም ላይ ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን የሞርፊን ዓይነት መድኃኒት ለድኾቹ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን፥ ማለት ከ3000 እጅ አንዱ ያህል ብቻ ነው። ዱቄቱ ርካሽ ሆኖ ሳለ እንዲህ የሚሆነው ከሕግ፥ ከፍርሃትና ከሠለጠነ ሰው እጦት የተነሣ ነው።

በአገራችን

ነርስነት በአገራችን እንደ ዝቅተኛ ሥራ የታየበት ጊዜ ነበር። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነትን መማራቸው ለዚህ አስተሳሰብ ትልቅ መልስ ነበር። የማስታገሻ ሕክምና ታሪክም የጀመረው በነርስ እጅ ነው። በ2003 በአዲስ አበባ ሆስፒስ ኢትዮጵያን የመሠረቱት ነርሷ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን ናቸው። ድርጅቱ ነርሶቹን ወደ ሕሙማን ቤት እየላከ በካንሰርና በሌላ ጽኑ ደዌ የተያዙትን ሲረዳ ቆይቷል።

በአገራችን ይህን ሙያ ከሚገጥሙት ጥያቄዎች ዋነኛው እውነትን የመናገር ጥያቄ ነው። እንደ ልማዳችን ክፉ ወሬ ለታማሚው አይነገርም፤ ሐኪሙም ታላቅ ወንድሙን ወይም ልጁን ወደ ውጭ ጠርቶ ይነግራል። ቤተ ሰቡም «ተስፋ ይቆርጣል» በማለት ይደብቃል። ብዙዎች ለታማሚ እውነቱን መንገር የውጭ አገር ሥርዓት ነው ይላሉ። ነገር ግን ይኸው ልማዳችን ሌላም ነገር ያስተምራል። ሰው ሳይናዘዝ መሞቱ እንደ ታላቅ ጉዳት ይቆጠራል። ያለበትን ዕዳ፥ የሰጠውን አደራ፥ የልጆቹን አሳዳጊ፥ የሚቀበርበትን ሥፍራ ተናግሮ፥ የተቀየመውን ታርቆ፥ የሃይማኖቱን ሥርዓት ፈጽሞ እንዲሄድ አባቶቻችን ይሻሉ። መሞቱን ያላወቀ ሰው እንዴት ይናዘዛል? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ምሳሌ ለታማሚው ብቻ ሳይሆን ለደባቂው ዘመድም ይሠራል።

መርዶን የማርዳት ሥርዓታችንም የሚያስተምረው አለ። መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም። ሰዓት ይመረጣል፥ ሽማግሌና የቅርብ ወዳጅ ይሰበሰባል፥ የሚደግፍ ክንድ ይዘጋጃል። ነርሷም ለታማሚው እውነቱ እንዲነገር በምታዘጋጅበት ጊዜ ይህንኑ ጥበብ ልትጠቀምበት ትችላለች። ታላቁን የቤተ ሰብ አባል ቀድማ ታማክራለች፥ የንስሐ አባቱ ወይም ሼኹ እንዲገኙ ታስደርጋለች፥ ታማሚው የሚረጋጋበትን ሰዓት ትመርጣለች። እንዲህ ከሆነ እውነቱ ከአገሩ ሥርዓት ጋር ሳይጋጭ ይገባል።

ሌላው መታሰብ ያለበት ጉዳይ የእድር ነው። ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን የሚተከልበት፥ ወንበር የሚደረደርበት፥ ቀብር የሚፈጸምበት እንዲህ ያለ የሕዝብ ድርጅት በየሰፈሩ ያለው ሕዝብ ብዙ አይደለም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ክንድ የሚነሣው ነፍስ ከወጣች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት አንዲት ሚስት ወይም አንዲት ልጅ ብቻዋን ስታገላብጥ፥ ስታጥብና ስታነቃ ትኖራለች። እድሩ ለሬሳው የሚያደርገውን ጥቂቱን ለሕያው ታማሚ ቢያደርግ፥ ማለት አስታማሚዋን በየተራ ቢያሳርፍ፥ ለመድኃኒትና ለመጓጓዣ ቢያዋጣ፥ የነርሷ ሥራ በእጥፍ ይቀላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» መባሉ ስለዚህ ነው። ከ2003 ጀምሮ በየገጠር ቀበሌው እንዲመደቡ የተደረጉት ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየቤቱ የተኙትን ጽኑ ሕሙማን ለይተው ለነርሷ በማስታወቅ የሙያው ዓይን ሊሆኑ ይችላሉ።

የነርሷ ትከሻ

በመጨረሻ ስለ ነርሷ ራሷ ሊነገር ይገባል። በሌላ ክፍል የሚሠሩ ባልደረቦቿ የዳነ ታማሚ አጅበው ይሸኛሉ፤ እርሷ የምትሸኛቸው ግን ሁሉም የሚሞቱ ናቸው። ዛሬ ከአንዱ ቤት ለቅሶ ወጥታ ነገ ወደ ሌላው ቤት ትገባለች። ይህን ሸክም ምንም እንደማይሰማት ሆና የምትሸከም ነርስ ቆይታ ልቧ ይደርቃል፤ ሁሉን እንደ ራሷ ሐዘን የምትቀበል ደግሞ ትወድቃለች። ስለዚህ በሙያው የቆዩ ድርጅቶች የሚያደርጉትን ማድረግ ያስፈልጋል። የቡድኑ አባላት በሳምንት አንድ ጊዜ ተሰብስበው ስለ ሞቱት ሕሙማን ይነጋገራሉ፤ ምን በጎ ተሠራ፥ ምን ጎደለ ይላሉ። አንዲት ነርስ በአንድ ጊዜ የምትይዘው የታማሚ ቁጥር ይወሰናል። የሌሊት ጥሪ በተራ ይሆናል። ነርሷም ካስፈለጋት ቀብር ሄዳ አልቅሳ እንድትመለስ ይፈቀድላታል። ዕረፍትን እንደ ምሕረት ሳይሆን እንደ መሥሪያ መሣሪያ መቁጠር ተገቢ ነው፤ ያለ ዕረፍት የሚሠራ ማሽን እንኳ ይሰበራልና።

ክቡራን ሆይ፤

ከላይ ከተዘረዘረው የሚወጣው መደምደሚያ አጭር ነው። አንዲት ነርስ በዚህ ሙያ እንድትጸና አራት ነገሮች ያስፈልጓታል። አንደኛው የሞርፊንን ልክና የጣርን ምልክት በሚገባ የሚያስተምር ትምህርት፥ ሁለተኛው የምታውቀውን ለመሥራት የሚያስችል የሕግ ሥልጣንና የማይቋረጥ መድኃኒት፥ ሦስተኛው ከታማሚው አልጋ ሳትርቅ የምታድግበት የደመወዝ እርከን፥ አራተኛው ከጎኗ የሚቆም ቡድንና ሰፈር ነው። ከእነዚህ አራቱ ሦስቱ የሚገኙት በሕግ አውጪዎች፥ በአስተዳዳሪዎችና እንደዚህ ባሉ የሙያ ማኅበራት ውሳኔ ነው። አራተኛውን ግን እያንዳንዱ ሰው በሰፈሩ እድር በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ እጁን አንሥቶ ሊጠይቅ ይችላል።